አጎቴ የሸጧት ረጅም መኪና

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዛሬ ግን ሲያትል አጠገብ ቡሪየን ከተማ ቤንዚን ስቀዳ አንዲት አሮጌ፣ ረጅም የአሜሪካ መኪና አጠገቤ ቆመች። በመስኮቷ የወጣው የቆዳ ወንበር ሽታ አጎቴን አመጣብኝ።

የእሳቸውም እንደዚያች ነበረች፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ኒኬሏ የሲያትል ዝናብ ሲያርፍበት የሚያበራ። ከአገር ቤት ስመጣ ከኤርፖርት የወሰዱኝ በእሷ ነው። የፊት ወንበሯ እንደ ሶፋ አንድ ወጥ ስለነበር ከሚስታቸው ጋር ሦስታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስትሄድ መንገዱ ጉድጓድ ያለው አይመስልም። እሑድ እሑድ አጎቴ በር ከፍተው ሽማግሌዎችን ከኋላ ያስቀምጡና ቸርች ያደርሷቸዋል። ሚስታቸው ግን፣ «ይቺ ሰካራም! ቤንዚን አያጠግባት፣ ፓርኪንግ አይበቃት» ይሏታል። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቅናት ነው» ይሉኛል።

ኤርፖርት የጽዳት ሥራ አገኘሁ። ሥራው የሚጀምረው አውቶቡስ ሳይነሳ ስለሆነ መንጃ ፈቃድ ካላወጣሁ ቦታው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። አጎቴ በዚያችው መኪና አስተማሩኝ።

የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ቀን ደረሰ፤ ፈታኙ ሽበታም ሰው ነበሩ። አንገቴን ደፍቼ ወረድኩና፣ አጎቴ ለታላላቆች እንደሚያደርጉት፣ የኋላውን በር ከፈትኩላቸው። ሰውየው ቆም ብለው አዩኝ፤ ሳቁና ዞረው ከፊት ገቡ። እኔን ግን ሀፍረቱ አልለቀቀኝም። ፓርክ አድርጊ ሲሉኝ የመኪናዋ ጭራ የት እንደሚያልቅ ጠፋኝ። ለምልክት የተተከለው እንጨት ከኋላ ሲወድቅ ሰማሁት።

አጎቴ መውደቄን ከፊቴ አነበቡ። «ኦኬ፣ ምንም አይደል። የእሷ ርዝመት ነው የጣለሽ» አሉኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መሪውን በመዳፋቸው ደጋግመው ሲዳብሱት አየሁ።

በሳምንቱ ደጃችን ላይ አንዲት ትንሽ ግራጫ መኪና ቆማ አገኘሁ። አሮጌዋ በምትቆምበት ቦታ የቀረው የዘይት ጠብታ ብቻ ነበር። ሚስታቸው እንኳ ያን ቀን አልቀለዱም።

«ጋሼ፣ ለእኔ ብለው ነው የሸጧት?» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ አሮጌዋ አንስተው አያውቁም፤ ስለ እሷ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይሄ ነበር፦

«እሷ እኔን ለምዳ አርጅታለች። ይቺ ደግሞ አንቺን ትልመድ። በይ፣ አስነሺያት።»