የመጋረጃው ዘንግ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ለጎረቤት ደብዳቤ እንኳ ስጽፍ «ለጤናዎ እንደምን አሉ» ካልኩ በኋላ እጄ ይያዛል። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ከአሰላ ዳር፣ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ በኩል ስለ ተሠራው አዲስ ሰፈር ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። «ባዶ ሜዳ ነበር» ይላሉ። ባዶ አልነበረም። ባዶ ያስባልኩት እኔ ነኝ።

ሰፈሩ ያረፈበት ጉብታ ላይ ረጃጅም ድንጋዮች ቆመው ነበር፤ የአባቴ ወገኖች መቃብር ነው። አባቴ ከጉብታው ሥር በጢሰኝነት ያርስ ነበር። የባለመሬቱ ወንድ አያት ድሮ ከሸዋ መጥተው መሬቱን ያገኙ ሰው ናቸው። ባለመሬቱን ክፉ ናቸው ለማለት አልችልም፤ ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ እቤታቸው እያደርኩ ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት ውሃ እቀዳለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። እስላም ስለሆንኩ ሥጋቸውን አልበላም፤ ሽሮ በጣባ ለብቻዬ ይሰጠኛል። ጣባዋም ከሌላው ዕቃ ተለይታ ከበሩ ኋላ ትቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን የጓዳውን መጋረጃ ለማጠብ ወንበር ላይ ወጥቼ ሳወርደው፣ የተንጠለጠለበትን ዘንግ አየሁት። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ቅቤ ጠጥቶ የጠቆረ። ልክ እናቴ ቤት ያለውን ይመስላል። ሲንቄ ነበር። በእኛ በአርሲዎች ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች፤ ያቺ ዘንግ የሚስትነቷ ክብር ናት። ከብት አይነዳባትም፣ ሰው አይመታባትም። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከቆሙ ወንድ አልፏቸው አይሄድም። መጋረጃ ሲሰቀልባት ግን አይቼ አላውቅም።

የባለመሬቱን እናት፣ አሮጊቷን፣ ጠየቅኋቸው።

«እመይቴ፣ ይህ ዘንግ የማን ነው?»

መጀመሪያ በሩን አዩ። «የአማቴ፣ የባሌ እናት ዘንግ ነው። አርሲ ነበሩ፤ ክርስትና ተነስተው ነው ያገቡት። ሲሞቱ ከወገኖቼ ጋር ቅበሩኝ ብለው እዚያው ጉብታ ላይ ናቸው። ልጄ ይህ ሲነሳ አይወድም። አንቺም አፍሽን ያዢ።»

«መጋረጃ ለምን ተሰቀለበት?»

«ታዲያ ምን ላድርገው? ልጣለው?»

አፌን ያዝኩ። ለእናቴም አልነገርኳትም።

ስድስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት ትራክተር መጣ። ጢሰኛው ሁሉ ልቀቅ ተባለ። ለማረሻ የማይመቸው ጉብታ ደግሞ ለከተማ ሰዎች ቤት መሥሪያ ሊሸነሸን ሆነ። አባቴ እርሻውን ተሟግቶ እንደማያገኘው ያውቃል። ጉብታው ግን መቃብር ተብሎ ከተጻፈ አይነካም፤ እሱ ካልተነካ ከሥሩ ያለችው ጎጇችንም ትተርፋለች ብለው እሱና እናቴ ተስፋ አደረጉ።

ቀያሹ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ባለመሬቱ ጥላቸውን ዘርግተው አብረውት መጡ፤ እኔ የውሃ ጆግ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። እናቴና የጎረቤት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ድንጋዮቹ ፊት ቆመው ጠበቁን።

ቀያሹ ሳቀ። «እናቶች፣ በዱላው ምን ልትነዱ ነው? እኔ በሬ አይደለሁም!»

ሴቶቹ አልሳቁም። ባለመሬቱ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ማንም አልነካቸውም። እግራቸው የሴት አያታቸውን ወግ ያውቅ ነበር፤ እኔ ብቻ አየሁት።

እናቴ በኦሮምኛ መናገር ጀመረች። ቀያሹ «ምን ትላለች?» ሲል ባለመሬቱ ቀደሙ።

«ተዋት ልጄ። ድሮ እዚህ በረት ነበረን። ድንጋዩ የከብት ማሰሪያ ነው።»

ቀያሹ ድንጋዮቹን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የተማርሽ ትመስያለሽ። መቃብር ነው ወይስ በረት?»

ሁሉም አዩኝ። ሰው ሲያየኝ ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴ ይቃጠላል። የሚፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። የአሮጊቷ «አፍሽን ያዢ»፣ የባለመሬቱ ዓይን፣ ልገባ የነበረው ሰባተኛ ክፍል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። እናቴ አማርኛ ባትችልም ምን እንደተጠየቅሁ ገብቷታል፤ አገጯን ከፍ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አልኩ።

ቀያሹ «ባዶ መሬት» ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ ከጎኑ ቆሜ አነበብኩት። ለዚህ ነበር ፊደል የቆጠርኩት።

ድንጋዮቹ ተነቅለው ለቤቶቹ መሠረት ሆኑ። አንዱ ዛሬ የዳቦ ቤት ደረጃ ነው፤ ሰው ጭቃውን ይጠርግበታል። ምናልባት የባለመሬቱ ሴት አያት ድንጋይ ይሆናል። እኔም ሰባተኛ ክፍል አልገባሁም፤ «ይበቃሻል» ተባልኩ። ዘንድሮ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በዚያው ሰፈር መሀል ያልፋሉ። ከእግራቸው ሥር ለተኙት ማን እንደሚጮህላቸው አላውቅም።

ወላጆቼ ወደ ኦጎልቾ ቆላ ሲወርዱ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። አባቴ አህያውን እየነዳ ቀደመን። ያን ጊዜ ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት፤ መጋረጃውን፣ ዘንጉን፣ ከድንጋዮቹ ሥር የባለመሬቱም ሴት አያት መኖራቸውን። የምታጽናናኝ መስሎኝ ነው።

ቆመች። «ያን ቀን ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሲንቄዋን ከእኔ በኩል ካለው እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። በዓመቱ ቆላ ላይ በወባ ሞተች፤ ከዚያች ቀን በኋላ አላየኋትም። ስንለያይ መንገዱ ዳር ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ እንዲህ አለችኝ፦

«እንግዲህ ስትዳሪ፣ ሲንቄሽን ከመጋረጃቸው ላይ አውርጂ።»