ዘበኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር። እሳቸው ስለ ሰርቨር ምን ያውቃሉ እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ።

ዲላ ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ኢዲዶና ዱመርሶ መመዘኛ ጣቢያዎች የተመዘነው የገበሬው እሸት ቡና ክብደቱ እኛ ሰርቨር ላይ ይመዘገባል። አንድ ቀን በለቀማው ጥድፊያ መሃል ሰርቨሩ አልመዘግብም አለ። «ፈቃድ ተከልክሏል» ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የምዝገባውን ፎልደር ከራሴ ቦታ ወደ ሥራው ቦታ ሳዛውር የየት እንደሆነ የሚናገረውን የድሮ መለያውን እንደያዘ አስገባሁት፤ ሰርቨሩን የሚጠብቀው የደህንነት ፖሊሲ፣ እኔ ዘበኛው የምለው፣ እንግዳ ነው ብሎ ከለከለው። ዘበኛው ሥራውን ሠራ። ለምን እንደከለከለም ራሱ ይጽፋል። ያንን አንብቤ መለያውን ባስተካክል ምን ነበረበት? አላነበብኩም። ከመመዘኛ ጣቢያው ስልክ ሲደጋገምብኝ ዘበኛውን ጭራሽ አጠፋሁት። ለዛሬ ብቻ ብዬ ነበር። ከዚያ ረሳሁት።

ሰንበትበት ብሎ የማናውቀው ሰው ከውጭ ገብቶ የገበሬውን ምዝገባ በሙሉ ደመሰሰው። እኔ ምን አደረግሁ? አጣሪዎቹ ሳይመጡ ዘበኛውን መልሼ አበራሁት፤ ማጥፋቴን የሚያሳየውን መዝገብም ሰረዝኩ። አዎ፣ እኔ፣ በገዛ እጄ።

ጥርጣሬው ታደለች ላይ ወደቀ። መረጃውን የምታስገባው እሷ ነበረች፤ በዚያ ሰሞን የልጇን ፎቶ ልታትም ፍላሽ ስትሰካ ታይታለችና በእሱ ቫይረስ አስገብታ ነው ተባለ። አዲስ ገብቼ ሳለሁ ምሳዋን ያካፈለችኝ፣ እንደ ታላቅ እህቴ የማያት ሴት ናት። ስብሰባው ላይ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ታውቃለህ እኮ፣ ወንድሜ። ከእኔ እንዳልሆነ ንገራቸው።»

«እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም» አልኩ።

እርግጠኛ ነበርኩ። ከእኔ ሌላ እርግጠኛ የሆነ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ታደለች ከሥራ ተባረረች።

አሁን ጪጩ ገበያ ሙዝ ትሸጣለች። ባገኘችኝ ቁጥር የእናቴን ጤና ትጠይቃለች፤ ሙዝ ስገዛም ትመርቅልኛለች። በቀደም ደግሞ «ለመሆኑ ያ ማሽን ዳነ?» አለችኝ። ዳነ አልኳት። የመረቀችልኝን ይዤ ሄድኩ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልልም። ለእንጀራዬ ፈርቼ የእሷን አስወሰድኩ። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የምትሰጡኝ እናንተ አይደላችሁም። ይህን ለእናንተ መናገሬም ያው ከእሷ መሸሽ ነው። ከዲላ ጪጩ በባጃጅ ምን አላት?