በሰሊጥ ዘይት የቀባሁት ካቦ

በእኛ አገር ሰሊጥ ዘይት የማይገባበት የለም። የበር ማጠፊያ ሲንጫረር ሰሊጥ ዘይት፣ ተረከዝ ሲሰነጠቅ ሰሊጥ ዘይት፣ ልጅ ሲያስለው ሰሊጥ ዘይት። የቆላ ሰው መድኃኒቱን ከመሬቱ ያበቅላል እያልን እንኮራለን። እኔም ከሚኮሩት አንዱ ነበርሁ፤ ወንድሜን ለመግደል የደረስሁትም በዚሁ ኩራቴ ነው።

ታላቅ ወንድሜና እኔ ከገለጉ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀን ሰሊጥና ማሽላ እናርሳለን። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችን። ክረምት ላይ የምትታመነው አራቱም ጎማዋ ሲጎትት ነው፤ የፊቶቹ ካልሠሩ በሚያጣብቀው ጥቁር ዋልካ ላይ ከተኛች ግመል አትሻልም። እነዚህን የፊት ጎማዎች የሚያስይዘውን ነገር ደግሞ ሠሪዎቿ ተራቅቀው በቫኪዩም አድርገውታል። ሞተሩ አየር ይመጥጣል፤ መምጠጡ በቀጫጭን የላስቲክ ቱቦ አልፎ የቲማቲም ድልህ ጣሳ የምታክል ነገር ይስባል፤ እሷ ደግሞ የፊት ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን የማርሽ ሹካ ስባ ጥርስ ከጥርስ ታገናኛለች። የእኛን ሙቀት ያየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። አንድ ዓመት ቱቦውን ፀሐይ ሰነጠቀው፣ በሚቀጥለው አይጥ በላው፣ በሦስተኛው ጣሳዋ ራሷ ተቀደደች።

ኮኪት ከተማ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ግማሽ ዕድሜያቸውን ሱዳን ጋራዥ ውስጥ ስላሳለፉ ሁሉም «ኡስታ» ይላቸዋል፤ ከድንበሩ ማዶ ለእጅ ባለሙያ የሚሰጥ ስም ነው። ግንቦት ላይ ብንወስድላቸው ቱቦውን ከነጣሳው ነቃቅለው ጣሉት። በምትኩ ከወደቀ ትራክተር ላይ የፈቱትን የሞተር ማጥፊያ ካቦ አመጡ፤ በጥቁር ሽፋን ውስጥ የሚንሸራተት ሽቦ ነው። አንዱን ጫፍ ከሹካው ጋር አሰሩት፣ ሌላውን ወለሉን በስተው ከሾፌሩ ጉልበት አጠገብ አወጡት። እጀታው ሲሳብ የፊት ጎማው ይይዛል፣ ሲገፋ ይለቃል። ይኸው ነው።

«ኸላስ፣ አለቀ!» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ከእንግዲህ አየር አትለምኑም። ግን ስማ፣ አንተ ትንሹ። በየሳምንቱ ግራሶ ትቀባዋለህ። ባትፈልገውም ሳብ፣ መልስ። ሥራ የፈታ ካቦ ይደርቃል።»

«እሺ ኡስታ፣ እርስዎ እንዳሉ» አልሁ።

ግራሶው ሰኔ ላይ አለቀ። ገለጉ ወርጄ መግዛት ነበረብኝ፤ ሰነፍሁ። ከጀሪካኑ ሰሊጥ ዘይት ቀድቼ በሽፋኑ ጫፍ አንቆረቆርሁበት። ካቦው እንዲያ ሲንሸራተት ሳይ ኡስታ ራሳቸው ቢያዩት ይቀኑ ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት እናታችን ጠዋት ማታ ስትደጋግመው ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አልረባኝም። ሐምሌን ሙሉ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት መኪናዋ ዳሱ ሥር ቆመች። እጀታውን አንድ ቀን እንኳ አልነካሁትም።

ነሐሴ ላይ ወንድሜን ወባ ጣለው። ለአረም የመጡት የደጋ ልጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሄደው ነበርና ሁለታችን ብቻ ነን። ሦስት ቀን በኪኒን ያዝሁት። በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ «እማ፣ በሩን ክፈችልኝ» ሲል ሰማሁት። እናታችን ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ሲወጣ ቀን ሳይሆን ሰዓት እንደሚቆጠር የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ገለጉ ጤና ጣቢያ ካላደረስሁት ይሞታል።

አቅፌ ከጎኔ አስቀመጥሁት፣ በጋቢው ከወንበሩ ጋር አሰርሁት። ሞተሩን ሳስነሳ ዓይኑን ገለጠ።

«ካቦውን ግራሶ ቀባኸው?»

«ቀብቻለሁ አያ።»

አንድ ሰዓት ያህል ሄደን ኾሩ ደረስን፤ በክረምት ብቻ የሚሞላ ወንዝ ነው። ውኃው ገና ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ በደጋው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ያ ዝናብ ከወረደ ኾሩ ሞልቶ እንደሚጠርገን አውቃለሁ። ወደ ታች ወረድሁ፣ ውኃውን አለፍሁ፣ ማዶ ያለው ዳገት ላይ የኋላ ጎማዎቹ ዋልካውን እየተፉ ሰጠሙ። አራቱን ጎማ የሚያስጎትተውን የፎር ዊል ማርሽ አስገብቼ እጀታውን ሳብሁ። ንቅንቅ የለም። ሁለቱንም እግሬን ዳሽቦርዱ ላይ ተክዬ ሳብሁ። መዳፌ ተላጠ እንጂ እጀታው አልተነሳም።

ከመኪናው ሥር የምገባበት ቦታ እንኳ አልነበረም። በአካፋ ጭቃ ስዝቅ ሌላ ጭቃ ይመጣል፤ ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ስትወጣ ገና እየዛቅሁ ነበር። እየተሳደብሁ አለቀስሁ። በመጨረሻ በጀርባዬ ተንፏቅቄ ገባሁና ካቦውን ከሹካው ፈታሁት። ሹካውን በፒንሳ ይዤ ስስበው ተንቀሳቀሰ። ጤነኛ ነው። የካቦውን ሽቦ ስነካው ግን እንደ ሙጫ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ዘይቱ ከአቧራው ጋር ተጋግሮ ሽፋኑን ደፍኖታል። አሸተትሁት። ሰሊጥ ነው። ያን ጊዜ ለራሴ የተሰማኝን ጥላቻ እስከ ዛሬ ለማንም ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሹካው ተስቦ አላለቀም፤ ጥርሶቹ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል። ውስጥ ያለው ዘንግ ትንሽ ካልዞረ አንዱ በሌላው መሀል አይገባም። እንዲዞር ደግሞ አንድ ሰው መሪው ላይ ሆኖ የፍሪሲዮኑን ፔዳል በጥቂቱ መልቀቅ አለበት። ጥርሱ እንደገባ መኪናዋ ወደ ፊት ትዘላለች፤ እኔ ከሥሯ ነኝ። ከእኔ ሌላ መንዳት የሚችለው ወንድሜ ብቻ ነው።

ወጥቼ ጋቢውን ፈታሁ፣ ወደ ሾፌሩ ወንበር ጎተትሁት፣ ግራ እግሩን በእጄ ይዤ ፍሪሲዮኑን አስረገጥሁት፣ ሞተሩን አስነስቼ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ሰውነቱ ይፋጃል። ጉንጩን በጥፊ መታሁት፤ ታላቄን በሕይወቴ የመታሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አያ፣ ስማኝ። ‹በል› ስልህ ትንሽ ልቀቅ። ‹ያዝ› ስልህ እርገጥ። ከረሳህ ትገድለኛለህ።»

«እማ አትስማ» አለኝ በሹክሹክታ።

ተመልሼ ገባሁ። ፒንሳውን ጨበጥሁ። «በል!» አልሁ። ምንም። «በል፣ አያ!» ዘንጉ ከደረቴ በላይ ጉርርር ብሎ ዞረ፣ ጥርሱ ሳይገባ አለፈ። «ያዝ!» ቆመ። ሰምቶኛል። እንደገና «በል!» አልሁ፤ ዘንጉ አልዞረም፤ እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ እያለ ራሱን የሳተ መሰለኝ፤ መውጣትም መቆየትም ፈራሁ። ድንገት ከላይ ጥርት ያለ ድምፁን ሰማሁ።

«ግራሶ ቀብተኸው አልነበረም እንዴ?»

«ቀብቼው ነበር» አልሁ። ከመኪና ሥር ተጋድሜ፣ ነፍሴ በእግሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ አሁንም ዋሸሁት።

«እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የኡስታ ነው» አለና ለቀቀው። ጥርሱ ቀጭ ብሎ ገባ። መኪናዋ ስንዝር ያህል ዘላ ዲፈረንሻሉ ትከሻዬን ጭቃው ውስጥ ቀበረው። «ያዝ!» ብዬ ጮህሁ። ረገጠ። እሱ ባይረግጥ ይህን አልጽፍም ነበር። ሹካው እንዳይመለስ በሽቦ አሰርሁትና ወጣሁ።

ገለጉ ስንደርስ ከቀትር አልፎ ነበር። ነርሷ ዓይኑን ገልጣ አይታ «ምነው ማልዳችሁ ብትመጡ» አለች። መርፌውን ወጋችው። እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ በኾሩ ዳር ያለፈውን ጊዜ ቆጠርሁ።

ወንድሜ ተረፈ። ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማ አለ፤ የበሽታው ጠባሳ ነው አሉን።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ ኮኪት ካልሄድን አለኝ። ኡስታ ግቢ እንደገባን በሾፌሮች ሁሉ ፊት ጮኸባቸው።

«አምነንዎት! ሊገድሉኝ ነበር እኮ ኡስታ!»

አዛውንቱ ወደ መኪናዋ ጎንበስ አሉ። ካቦውን ፈተው ሽቦውን በጣታቸው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቀና ብለው አዩኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

«ልክ ነህ ልጄ» አሉት ለወንድሜ። «ካቦው አሮጌ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አዲስ ካቦ ገጠሙልን። ወንድሜ ሊታጠብ ዞር ሲል ጠጋ ብለው የግራሶ ጣሳ እጄ ላይ አስቀመጡ። «በታላቅህ ፊት አላዋርድህም ብዬ ነው። አንተው ትነግረዋለህ» አሉኝ።

ወንድሜ የዋዛ ሰው አይደለም፤ ያገኘውን ሾፌር ሁሉ ወደ እሳቸው እንዳይሄድ መከረ። ወደ እርሻ የሚወጡት መኪኖች ዛሬ ሸሕዲ ከተማ ነው የሚጠገኑት። እሳቸው ግን ሲያገኙኝ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ «ነገርኸው?» ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም።

ነግሬዋለሁ። አሁን የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ ከጎኔ ይቀመጣል፣ የማይሰማው ጆሮው በእኔ በኩል ነው። ኾሩን በተሻገርን ቁጥር እጀታውን ስስብ፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ «አያ፣ የቀባሁት ሰሊጥ ዘይት ነበር» እለዋለሁ።

አንዳንዴ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየኛል። በደህና ጆሮው ዞሮ «ምን አልህ?» ይለኛል።

«መንገዱ ደርቋል አልሁ» እለዋለሁ።