በእናኑ ስም

የምጽፈውን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ አያውቅም፤ እናቴ አታውቅም። እናንተ ስለማታውቁኝ ደፈርሁ።

ስህተት አልለውም። ስህተት ሳያውቁ ነው። እኔ አውቄ፣ ረጋ ብዬ ነው ያደረግሁት። የሰው በሬ ሲሞት ዝም አልሁ፤ የጓደኛዬን ስም ገደልሁ።

የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ተምሬ ንፋስ መውጫ ላይ አንድ አነስተኛ ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጠርሁ። ሥራችን ገበሬ በስልኩ ሲጠይቅ በአማርኛ የሚመልስ የኤአይ ኤጀንት ማዘጋጀት ነበር፤ ስለ ዘር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት በሽታ። ኤጀንቱ የሚመራው በጽሑፍ በምንሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ፕሮምፕት እንለዋለን። «እንዲህ ሲሉህ ይህን ጠይቅ፤ ይህን አትናገር» እያልን እንጽፍለታለን። ትእዛዞቹም፣ ኤጀንቱ የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎችም፣ እንደ አየር ትንበያውና እንደ እንስሳት ሐኪሞቹ ስልክ ያሉት፣ በየኮምፒውተራችን ተበታትነው አስቸገሩ። ሁሉንም አንድ ቦታ የሚያስተዳድር ሥርዓት፣ ቱልኪት የምንለውን፣ እንድዘረጋ ታዘዝሁ፤ ዘረጋሁ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን የመግቢያ ቁልፍ፣ የይለፍ ቃል፣ አወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል የነካ ሰው ስሙና ሰዓቱ ይመዘገባል። ቁልፎቹን ለባለቤቶቻቸው ሰጥቼ እኔ ጋ የቀረውን ቅጂ ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም። ያን ጊዜ ክፋት አስቤ ነበር? አላሰብሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር። እርግጠኛ አይደለሁም።

ፕሮምፕቱን በአብዛኛው የምትጽፈው እናኑ ነበረች። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብላ ከምትገኝ ገጠር ነው የመጣችው። ገበሬ «ሆዱ ተነረተ» ሲል ተነፋ ማለቱ እንደሆነ፣ የቱ ቃል እንደሚያስደነግጠው፣ የቱ እንደሚያረጋጋው ታውቃለች። ለሙከራ ከተመረጡት ጥቂት ገበሬዎች አብዛኞቹ የአገሯ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የእናቷ ጎረቤት አያ ቢምረው ናቸው። አንድ ቀን እኔ የጻፍሁትን ጮክ ብላ አነበበችና ሳቀች።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የቢሮ አማርኛ ነው። አያ ቢምረው ቢሰሙት ለስብሰባ የተጠሩ ነው የሚመስላቸው።»

ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ተንኮል አልነበራትም፤ በዚያው ቀን ቁጭ ብላ አብራኝ አስተካከለችው። በወሩ አስተባባሪያችን የቡድን መሪ የሚያደርገው እናኑን እንደሆነ ነገረን። ሁለት ዓመት የለፋሁ እኔ፣ ቱልኪቱን የዘረጋሁ እኔ፣ የምትመራው እሷ! ሌሊቱን ሁሉ ያንን ሳቅ ስሰማ አደርሁ።

በሐምሌ፣ ከባሕር ዳር እንግዶች ሊጎበኙን አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ አደረግሁት። እናኑ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ክንዴን ብዘረጋ እነካታለሁ። የምትኮራበት አንድ ትእዛዝ ነበራት፤ «ገበሬው ከብቴ ተነፋ ወይም ተነረተ ካለህ ምንም አትምከር። የቅርቡን ሐኪም ስልክ ስጥ፤ አሁኑኑ ይድረስ በል» የሚል። እንግዶች ሲመጡ ሁልጊዜ የምታሳየው ይህን ነው። በእሷ ቁልፍ ገባሁና አጠፋሁት። ነገ በእንግዶቹ ፊት ኤጀንቱ እንዲቀባጥርባት ነበር የፈለግሁት። እዚህ ላይ ባበቃ ተንኮለኛ ብቻ እሆን ነበር።

እናኑ ለሁለታችን ሽሮ አስመጥታ አንድ ሳህን ላይ እየበላን ሳለ የአንድ ገበሬ ጥያቄ በስክሪኔ ላይ መጣ። «በሬዬ እርጥብ ባቄላ ገብቶ በላ። ሆዱ ተነረተ፤ ይቃትታል። ምን ላድርግ?» ጠያቂው አያ ቢምረው ናቸው። ኤጀንቱም ባማረ አማርኛ መለሰ፤ መኖ ይከልክሉት፣ ያሳርፉት፣ እስከ ነገ ይጠብቁ አላቸው።

የተነፋ በሬ እስከ ነገ እንደማይጠብቅ አውቃለሁ። ያስተማረችኝ እናኑ ናት። የአያ ቢምረው ስልክ ቁጥር ከጥያቄው ሥር ተጽፏል። ሐኪሙ ከደጃቸው ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብደውል በሬው ይድን ነበር። ለምን አልደወልሁም? ፈርቼ? አይደለም። ነገሩ ለነገው የበለጠ እንደሚያምር ታይቶኝ ነው። አያችሁ? «ማስረጃ ተገኘ» ነበር ያልሁት በሆዴ።

«ምን አሳቀሽ?» አለችኝ እናኑ።

«ምንም» አልኋት። የመጨረሻዋን ጉርሻ እሷ አጎረሰችኝ፤ ጎረስሁ።

በማግሥቱ እንግዶቹ ተቀምጠው ሳለ የእናኑ ስልክ ጮኸ። አያ ቢምረው መሆናቸውን ስታይ ፊቷ በራ። «የምናገለግላቸው ገበሬ ናቸው፤ እስቲ ከእሳቸው አፍ ስሙት» ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እናኑ፣ ልጄ፣ ጠብቅ አለኝ፤ ጠበቅሁ» አሉ። «ጀምበር ሳትጠልቅ በሬዬ ወደቀ። በሐምሌ አንድ በሬ ይዤ ምን አርሳለሁ? ምክሩ ያንቺ ነው ብዬ ነበር እኮ ያመንሁት።»

አስተባባሪው የቱልኪቱን መዝገብ ከፈተ። ትእዛዙ ጠፍቷል፤ ያጠፋው ሰው፣ እናኑ፤ ሰዓቱ፣ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችበት ሰዓት። ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ ማንም አላየችም፤ ወደ እኔ ዞረች።

«እህቴ፣ የዘረጋሽው አንቺ ነሽ። በእኔ ስም ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል?»

«አይችልም» አልሁ። «ቁልፍሽ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።»

ይህም አልበቃኝም። አጠገቧ ሄጄ ትከሻዋን አቀፍሁና «ደክሞሽ ይሆናል እናንዬ፤ ሰው ይሳሳታል» አልኋት። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ደስታ። አንጀቴን ያራሰኝ ደስታ ነበር።

በዚያው ሳምንት አሰናበቷት። ዕቃዋን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። የጠፋውን ትእዛዝ መለስሁት፤ በራሴ ስም። የቡድን መሪም ሆንሁ። ሥራው ሰመረ፤ ተመሰገንሁ። እስከ ዛሬ ከኤጀንቱ አፍ የሚወጣው ገበሬ የሚወደው አማርኛ የእናኑ ነው፤ የሚጨበጨብለት ግን ለእኔ ነው።

ዘንድሮ ለሥራ ወገዳ ወረድሁ። ገበያ መሀል አንዲት ሴት ከጀርባዬ አቀፈችኝ። እናኑ ናት። ከስታለች፤ እጇ በእርሻ ሻክሯል። አገላብጣ ሳመችኝና አንድ ግድግዳ ጥግ አስቀመጠችኝ። ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ትዳሬ ጠየቀችኝ። ስለ በሬው ያነሣችው እሷው ናት።

«እጄ እንደነካው አላስታውስም ነበር» አለችኝ። «ስንት ቀን አሰብሁ መሰለሽ! ኋላ አንቺ ሰው ይሳሳታል ያልሽኝ ትዝ አለኝ። እውነትሽን ነው፤ ከእኔ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ሽማግሌ ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ አያ ቢምረው እግር ላይ ወደቅሁ።»

«እሳቸውስ?» አልሁ።

«አልቅሰው አነሡኝ። ከእግዜር ታረቂ አሉኝ። ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ፤ ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ ጨረስሁ። ግን ይኸው እርጥብ ባቄላ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። እሳቸው እንደሆኑ ዛሬም የሚያርሱት በሬያቸውን ከሰው በሬ ጋር አቀናጅተው ነው።» ከዚያ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። «ያን ቀን አንቺ ባታቅፊኝ ኖሮ አብድ ነበር። እስቲ ንገሪኝ፣ የተማርሽ ነሽ፤ እግዜር ይቅር ብሎኛል ትያለሽ?»

ያኔ ነበር ሰዓቱ። ገበያተኛው በአጠገባችን ያልፋል፤ የሚሰማን የለም። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር። ሁለት ቃል። የአንዲት ሴት ልብ ከሐሰት ጸጸት ያርፍ ነበር። እኔ ምን አልሁ?

«ይቅር ብሎሻል» አልኋት።

ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ መረቀችኝ። አሜን አልሁ። መኪናው እየጠበቀኝ ነበርና ሄድሁ።

እንግዲህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ብትሉኝስ ምን ይጠቅማል? ከወገዳ ከተመለስሁ ወራት አለፉ፤ መንገዱ ክፍት ነው፤ ስልኳን አውቀዋለሁ። ለእናንተ ይህን ሁሉ ጻፍሁ፤ ለእሷ ግን አልደወልሁም።