የጀልባዋ ሁለት ጆሮዎች

ሌንጮ ሁለት ጣቶቹን ያጣው ማዕበል ታንኳውን አንስቶ ከድንጋይ ጋር ሲያላትመው ነው። ታንኳው እንዳይሰበር ግራ እጁን በመሃል አስገባ፤ መልሶ ሲያወጣው ትንሿ ጣቱና ጎረቤቷ የሉም። እጁን በጋቢው ጠቀለለና በሌላኛው እጁ መቅዘፊያውን አንስቶ፣ እስከ ጭኑ በሚደርስ ውሃ እየተራመደ ማዕበሉን ወዳስነሳችው የሞተር ጀልባ ሄደ። የጀልባዋ ባለቤት ጉርሙ ተሳፋሪ እያወረደ ነበር።

«ሌንጮ፣ ምን ሆነህ ነው ደም...» ብሎ ሳይጨርስ መቅዘፊያው ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ምት ቀኝ ክንዱን አገኘው። ዳር ቆመው የነበሩ ሰዎች አጥንቱ ቋ ሲል ሰምተናል ይላሉ። ሦስተኛውን ለጭንቅላቱ አነጣጥሮ ሳለ አራት ሰው ተረባርቦ ያዘው፤ ከአራቱ የአንዱ ጥርስ እዚያው ወለቀ።

የጉርሙ ሚስት በምነት ወሬው የደረሳት መቱ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የጋሼ ደርበው ብየዳ ቤት የመስኮት ብረት ስትበይድ ነው። ስልኩን ሰምታ ዘጋችው። የጀመረችውን መጋጠሚያ ጨረሰች፤ መነጽሯን አወለቀች፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መናኸሪያው የሮጠችው።

በምነት የመቱ ልጅ ናት። አባቷ አቶ አሰፋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብየዳ ልማር ስትል፣ «ዓይንሽ ቢጠፋ ማን ያገባሻል?» ብለው ሦስት ቀን አኮረፏት። ዓይኗ አልጠፋም። ያገባትም ሰው ተገኘ፤ የኡካው ጉርሙ። ጉርሙ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ላይ አምስት ዓመት ጀልባ ሲነዳ ኖሮ፣ አንዲት አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ከነሞተሯ በአይሱዙ ጭኖ አገሩ ገባ። ከኡካ ወረድ ብሎ ባለው የገባ ወንዝ መሻገሪያ፣ አገሬው መልካ በሚለው ቦታ፣ ሥራ ጀመረ። ክረምት ሲሆን ገባ ወንዝ ቀይ ሆኖ ይሞላል። በታንኳ ለመሻገር ግማሽ ቀን ተራ ይጠበቃል፤ በጀልባዋ ግን አንድ ዘፈን ሳያልቅ ማዶ ነው። ሌንጮ ጣቶቹን ባጣበት ሳምንት እንኳን ጀልባዋ ምጥ የያዛት ሴት አሻግራ፣ ሴትዮዋ መቱ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላግላለች።

ግን ጀልባዋ ባለፈች ቁጥር ታንኳዎቹ ይገለበጣሉ። ይህንን ማንም አይክድም። ጉርሙም አይክድም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ለዕርቅ እርጥብ ሳር ነጭተው በሁለቱ ወገን መሃል ያዙና ፈረዱ፤ የፈሰሰው ደም ካሣው በሌላ ቀን ይታያል፤ ጀልባዋ ግን ማዕበሏን እስክታስተኛ ትቁም። ሦስተኛው ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ በሰው ፊት ትፈተን። ታንኳ ከገለበጠች ከመልካው ለዘላለም ትነሳለች።

«እኔ ነኝ የማነሳት» አለ ሌንጮ የታሰረ እጁን እያሳየ። «በመጥረቢያ።»

ጋሼ ደርበው ይህን ሁሉ ከበምነት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታዲያ ቀስ ብሎ ቢነዳስ?» አሏት።

«ቀስ ካለ ወንዙ ይወስደዋል ጋሼ። ከታች ድንጋይ ነው።»

«ራቅ ብሎስ ቢሻገር?»

«ከዚያ ሌላ የተኛ ውሃ የለም። ታንኳዎቹም ያሉት ለዚያ ነው።»

«እንግዲያ ማዕበሉን በሰንሰለት እሰሪው።»

ለቀልድ ነበር ያሉት። እሷ ግን ያን ቃል ይዛ ስትብሰለሰል ሰነበተች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን ይዛላቸው መጣች። «ይዩ እስቲ። ፈረንጆቹ ከጀልባ ኋላ በሳንቃ ላይ ቆመው፣ ያለ ገመድ ማዕበሉን ይጋልቡታል። ማዕበሉ እንዲያድግላቸው ከጀልባው ቂጥ ላይ ላሜራ ያስራሉ።»

«እንዲያድግ?» ጋሼ ደርበው እንጀራውን እንደያዙ ቀሩ። «ምን ነካቸው?»

«ጨዋታ ነው።»

«እኛ አገር ጣት ይበላል፤ እነሱ ይፈናጠጡታል! በይ አጥፊው፣ ሌንጮ እንዳያየው።»

አላጠፋችውም። ደጋግማ ስታየው አንድ ነገር ገባት። ማዕበሉ የሚያድገው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ላሜራው ወደ ውጪ በተዘረጋበት ጎን ውሃው ተሰባብሮ አረፋ ሆኖ ይቀራል፤ የውሃው ተራራ የሚነሳው በሌላው ጎን ነው። ፈረንጆቹ የሚፈልጉት ተራራውን ነው። እሷ የፈለገችው አረፋውን ነው።

ሦስት ሚሊ ላሜራ ክንድ በስንዝር አድርጋ ቆረጠች። የጋሼ ደርበው ብየዳ አሉሚኒየም ስለማይዝ፣ መልካው ወርዳ ከጀልባዋ ኋላ በግራ ጠርዝ በኩል በቡሎን አሰረችው፤ ውሃ እንዳያስገባ ከሥሩ የጎማ ላስቲክ አነጠፈች። ገርበብ ያለ በር መሰለ። ጉርሙ ክንዱ ጀሶ ውስጥ ሆኖ፣ በግራ እጁ ሞተሩን ይዞ ዳር ዳሩን ወደ ላይ ነዳት። በግራ በኩል ውሃው እንደ ድስት ተንተከተከና ዝም አለ።

«በሚ!» አለ ጉርሙ።

«ጆሮ አወጣችልን» አለች እየሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላሜራው ጆሮ ተባለ።

ሐሙስ ደረሰ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ዳሩን ሞላው። ታንኳዎቹ ከጀልባዋ መስመር በታች፣ ውሃው ወደሚወርድበት በኩል ተሰለፉ። ሌንጮ በፊተኛው ታንኳ ውስጥ ሁለት ሰውና አንድ ፍየል ጭኖ ቆሟል። መጥረቢያው ከጉልበቱ ሥር ነው። በምነት ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀመጠች።

ጀልባዋ ሞተሯን አስጓርታ ወጣች። ታንኳዎቹ በግራዋ ነበሩ። አለፈቻቸው። ታንኳዎቹ እንደ አልጋ ተወዛወዙ እንጂ አንድም ጠብታ አልገባባቸው። ዳሩ እልል አለ። ማዶ ደርሰው ሲያርፉ በምነት ዓይኗ እንባ ሞላ።

ከዚያ ለመመለስ ዞሩ።

ሲመለሱ ታንኳዎቹ በቀኝ ሆኑ። ይህን ጉርሙም አላሰበውም፤ እሷም አላሰበችውም፤ ሲያሟርት የሰነበተውም ሰው ሁሉ አላሰበውም። ጆሮው በግራ እንዳለ ነው። በቀኝ በኩል ውሃው ተሰበሰበ፣ ተጠቀለለ፣ ወገብ አክሎ ተነሳ። ጀልባዋ በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ያለ ማዕበል አስነስታ አታውቅም። በምነት ዞር ስትል ያየችው የሌንጮን ታንኳ ሆድ ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ወደ ሰማይ ዞሯል።

ሁለቱን ሰዎች በፀጉራቸው ጎትተው አወጧቸው። አንዱ ደም ያስመልሰው ነበር። ፍየሏን ውሃው ከታች ካለው ድንጋይ ላይ ፈጠፈጣት። ጀልባዋ ዳር ሳትነካ ድንጋይ መዝነብ ጀመረ፤ አንዱ የበምነትን ቅንድብ ቀደደው። ጉርሙን በተሰበረ ክንዱ ስበው አወረዱት። ሲጮህ አፉን በጭቃ ሞሉት፤ ሆዱን ረገጡት። ሌንጮ ከውሃ ውስጥ ወጥቶ፣ መጥረቢያውን በሦስት ጣትና በአንድ ሙሉ እጅ ጨብጦ ጀልባዋን መታት። አሉሚኒየሙ ተቀደደ። ደግሞ መታት።

በምነት ከመጥረቢያውና ከጀልባዋ መሃል ገባች። አስባበት አይደለም፤ እግሯ ነው የወሰዳት። ደሟ አንድ ዓይኗን ሸፍኖታል።

«ዞር በይ!»

«ሲሄድ ገለበጠህ?»

«ዞር በይ ብያለሁ፣ በሚካኤል!»

«ሲሄድ ገለበጠህ ወይ? መልስልኝና ምታኝ!»

መጥረቢያው ከላይ እንዳለ ቆመ። «ሲሄድ... አልገለበጠም።»

«ጆሮው ወዳንተ ስለነበር ነው። ሲመለስ ጆሮው በዚያ፣ አንተ በዚህ ሆንክ። አንድ ጆሮ ሠርቼ ሁለት መንገድ ነዳሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለት መሆን ነበረበት። ወዳላችሁበት በኩል የሚከፈት፣ በሌላው በኩል የሚታጠፍ። አንድ ሐሙስ ስጠኝ።»

«እና ደግሞ ልታስገድይኝ?»

ሽማግሌዎቹ ሳራቸውን ይዘው ሲሮጡ ደረሱ። ብዙ ተባለ፤ ስድብም ተወራወረ፤ የጉርሙ ወንድሞች ቆመጥ ይዘው መጥተው፣ ዳግም ደም ሊፋሰሱ ጥቂት ቀራቸው። በመጨረሻ ቃል የሰጠው ራሱ ሌንጮ ነው።

«በመጪው ሐሙስ ታንኳዬ ውስጥ ሌላ ሰው አይሳፈርም» አለ። ወደ በምነት ጠቆመ። «እሷ ነች የምትሳፈረው። ዋና ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ጥሩ። ከተገለበጥን አላወጣሽም። ይህን ባልሽ እየሰማ ነው።»

ጉርሙ ከጭቃው ቀና ብሎ፣ «ዲሲ፣ በሚ! ተይው! ጀልባዋን ይውሰዷት!» አላት።

«አልተወውም» አለች።

ጋሼ ደርበው ያን ሳምንት ሌላ ሥራ አልተቀበሉም። ቅንድቧ ተሰፍቶ ስትመጣ ላሜራ ሲቆርጡ አገኘቻቸው። «ለአባትሽ ምን ልላቸው ነው?» አሉ ቀና ሳይሉ። መልካው ወርደው የመጥረቢያውን ቀዳዳ በአሉሚኒየም ጠግነው በሪቬት ምስማር መቱት። ሁለቱን ጆሮዎች በወፍራም የበር ማጠፊያ ላይ ሰቀሏቸው፤ አንድ ገመድ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀለበት አሳለፉ። ገመዱን ወደ ግራ ሲስቡት የግራው ይዘረጋል፣ የቀኙ ይታጠፋል፤ ወደ ቀኝ ሲስቡት ደግሞ በተቃራኒው። በምነት መቶ ጊዜ ሳበችው። ማጠፊያዎቹን ግሪስ ቀባች። ልጇን ለእናቷ ለወይዘሮ አስካለማርያም ስትሰጥ ምን ልትሠራ እንደምትሄድ አልነገረቻቸውም።

ሐሙስ ዕለት ዳሩ ላይ እልል የሚል አልነበረም። በምነት የሌንጮ ታንኳ ውስጥ ገብታ እግሮቿን አጣጥፋ ተቀመጠች። ታንኳ ውስጥ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ ውሃው ከክርኗ እኩል ነበር።

«ፈራሽ?» አላት ሌንጮ ከኋላዋ።

«አንተስ?»

«እኔማ ዋና እችላለሁ።»

ጀልባዋ ስትሄድ ሁሉም እንደ ባለፈው ሰላም ሆነ። ማዶ ደረሰች፤ ዞረች። በምነት ከሩቅ ጉርሙን አየችው። ግራ እጁ ሞተሩ ላይ ነው፤ ቀኙ በጀሶ ታስሯል። ገመዱን የሚስብበት እጅ የለውም! ይህን ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ሰው ሆነው ሲሞክሩት ልብ አላለችውም። ሰው ሊሳፈርለት አልደፈረም፤ ጀልባዋ ውስጥ ብቻውን ነው። ጆሮው አሁንም በግራ ተዘርግቷል። ጀልባዋ እየመጣች ነው። ቀኟ ወደ እነሱ ነው። ተራራው መነሳት ጀመረ።

«ገመዱን!» ብላ ጮኸች። «ጉርሙ! ገመዱን!»

ሌንጮም አየው። መቅዘፊያውን ወንዙ ውስጥ ተክሎ ታንኳውን ለማዞር ታገለ፤ ውሃው እምቢ አለው። «እናቱን!» አለ።

ጉርሙ ጎንበስ አለ። ገመዱን በጥርሱ ነከሰና አንገቱን እንደ በሬ ወደ ቀኝ ወረወረ። አልመጣለትም። ደግሞ ወረወረ። ከአፉ ደም ሲረጭ በምነት አየች። ጆሮዎቹ ጓ! ብለው ዞሩ። ወደ እነሱ ይመጣ የነበረው ተራራ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ፤ ተንተከተከ፤ አረፋ ሆኖ ከታንኳው ሥር አለፈ። ታንኳው ተነሳ፣ ጎኑን ሰጠ፣ ሁለት ጣሳ የሚያህል ውሃ ተቀበለ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። በምነት ዓይኗን ስትገልጥ የሌንጮ እጅ የሹራቧን አንገት ጨምድዶ ይዞ ነበር።

«አላወጣሽም ብለኸኝ አልነበር?» አለችው ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

«ዝም በይ። መች ወደቅሽና ላውጣሽ።» ግን አልለቀቃትም።

ማዕበሉ በሌላው ጎን ሄዶ ከላይኛው ዳር ጋር ሲላተም መድፍ የተተኮሰ መሰለ። ዳሩ ተሰንጥቆ ወረደ። እነሱ ዳር ሲደርሱ አንዲት ሽማግሌ ሴት ከላይ እየሮጡ መጡ። ወይዘሮ ዋሪቱ ናቸው፤ የጎደሬ ማሳቸው ሦስት እርምጃ ያህል ተንዶ ወንዝ ገብቷል። ጉርሙ አፉን ይዞ ከጀልባ ሲወርድ በምርኩዛቸው ጀርባውን አቀመሱት። ደገሙት።

«አዴ ዋሪቱ!» ሌንጮ ምርኩዙን ያዘ። «ይበቃዋል፤ ምላሱ ተሰንጥቋል። ጀልባዋ መልካው ላይ ትኖራለች። ሰው ሁሉ ይስማ፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«ትኑር ለኔ ምን ገደደኝ! ጎደሬዬስ? ነገ ደግሞ ቤቴን ሊያፈርስ ነው?»

ሌንጮ ምርኩዙን መለሰላቸው። በምነት ግን ወደ ተናደው ዳር እያየች ነበር፤ የቅንድቧ ስፌት ተበጥሶ ደሟ እየወረደ፣ ስንት ድንጋይ ቢካብ ውሃውን እንደሚመልሰው በዓይኗ ትለካለች።

«ዶማ አለዎት?» አለቻቸው።

«ዶማማ አለኝ» አሉ ዋሪቱ። «ጉልበት ነው የቸገረኝ።»