ጨው ነጋዴው ለሸንጎው የሰጠው ሐሳብ

ጀሊል ከጊኒር ጨው በአህያ እየጫነ ሮቤ ገበያ ሲቸረችር ጢሙ ሸብቷል። የከተማው ሸንጎ አባል የሆነው በብልህነቱ አልነበረም፤ «ከእስላሙም አንድ ሰው ይኑርበት» ተብሎ ነው። መቀመጫው በር ሥር ያለችው ዱካ ነበረች፤ ከሹመቱ የደረሰው ነፋሱ ብቻ ነው።

ያን ክረምት ገበያው ከዳገቱ ወርዶ ሻያ ወንዝ ዳር ወዳለው ረግረግ ይዛወር የሚል ወሬ ተነሣ። ማን አሰበው? ማንም። የሸንጎው ሰብሳቢ ቀኛዝማች ገብረወልድ አንድ ጠዋት በቅሏቸውን እዚያ ሲያጠጡ ቆም ብለው ሜዳውን አዩ፤ በቃ፣ «ፈልገውታል» ተባለ። ትልቅ ሰው ዐይኑን የጣለበትን ሁሉ እንደ አዋጅ የሚያነብ ከተማ!

ጀሊል ጨዉን የሚሸጠው መሬት ላይ ቁርበት አንጥፎ ነው። ረግረግ ላይ ጨው እስከ ቀትር አይቆይም።

«ያ ጀሊል፣ ዛሬ ሸንጎው ፊት አፍ አለህ?» አለችው ሚስቱ ሞሚና፣ ጥምጥሙን እያቀበለችው።

«ወላሂ፣ አይሆንም እላቸዋለሁ!»

«ለእኔማ ሁልጊዜ ትላለህ።»

በሸንጎው ደንብ ሐሳብ የሚሰጠው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ታናሹ ታላቁን ሳይፈራ እንዲናገር ታስቦ። ሲያምር! ታናሹ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት የታላቁን ሆድ ይገምታል።

«እስቲ ጀሊል፣ ከአንተ እንጀምር» አሉ ቀኛዝማች፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ።

ጀሊል ሞሚናን አሰበ፤ ጨዉን አሰበ፤ በቅሎዋን አሰበ። በቅሎዋ አሸነፈች።

«ጌታዬ፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ውሃውም ቅርብ። ይውረድ።»

ቀጥሎ ጠጅ ቤቱ ከዳገቱ ገበያ ፊት ለፊት የሆነው ደጀኔ፣ ፊቱ አመድ መስሎ «ይውረድ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉ።

ቀኛዝማች ተገረሙ። «እኔስ ጭቃው አስግቶኝ እንቢ ልል ነበር። ጨው ሻጩ ራሱ ከወደደው ግን እኔ ማን ነኝ? ይውረድ።»

ጀሊል ከዱካዋ ብድግ አለ። ተራው ግን አልፏል፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

በአዲሱ ገበያ የመጀመሪያ ቀን ዝናብ ወረደ። ቀኛዝማች በቅሏቸው ላይ እንዳሉ ጀሊል ዘንድ ቆሙ።

«እህሳ፣ ሐሳብህ እንዴት ሆነ?»

«ደኅና ነው፣ ጌታዬ።»

«እንኳን ደኅና ሆነ!» አለች ሞሚና ከኋላው። «በቅሎዋም ትቅመሰው እንጂ፣ ከሸንጎው አባል አንዷ እሷ አይደለችም እንዴ?»

በቅሎዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ የሟሟውን ጨው ከቁርበቱ ላይ ትልስ ጀመር። ጀሊል እጁን ሰነዘረ፤ ቀና ብሎ ቀኛዝማችን አየና መልሶ ሰበሰበው።