ያልመጣው ወንፈለኛ

ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ የላብራቶሪ ሠራተኛ ደንበኛ አሉኝ፤ የመተማ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ የታማሚን ደም በማይክሮስኮፕ ቀዳዳ አጮልቀው ማየት አቅቷቸዋል። የሚያዩት ማይክሮስኮፑ ላይ በተተከለች ካሜራ፣ በኮምፒውተር አጉልተው ነው። ካሜራዋ ከቆመች ሥራቸው ቆመ ማለት ነው።

ያቆምኳት ደግሞ እኔው ነኝ። ማንም ሳይለምነኝ፣ ትጉህ ልባል ብዬ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሥርዓት፣ ሊኑክሱን አደስኩት፤ ቦታ ይይዛል ብዬም አሮጌውን ደመሰስኩ። አዲሱ ከርነል፣ ማለትም መሣሪያውን ከፕሮግራሙ የሚያገናኘው የሥርዓቱ ልብ፣ ካሜራዋን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሯን፣ አላስገባም አለ። ከርነሉ አንዳንድ ክፍሎቹን የሚከፍተው፣ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ድራይቨር ብቻ ነው፤ የዚህኛው ደግሞ የተቆለፈ ነበር። «ክፍት ነኝ» የምትል አንዲት የውሸት መስመር ጻፍኩለት። ካሜራዋ ተነሣች።

«ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ ደስ ብሏቸው። እሳቸውን መዋሸት አይሆንልኝም።

«ጋሼ፣ ከርነሉ የወንፈል እርሻ በሉት። ብዙ ሰው በነጻ ይሠራዋል፤ ከሱ ወስዶ የሠራ የሠራውን ያካፍል ነው ውሉ። የካሜራዋ ፋብሪካ ግን ከዚያው ኮድ ቀድቶ ሲያበቃ በሩን ዘጋ።»

«እና ወንፈል የቀረውን ሰው መጥቷል ብለህ መሰከርህለት? አንተ ቀጣፊ!»

አፈርኩ። እሳቸው ወደ ላብራቶሪያቸው ደጅ አዩ። ከቁረይሻ እርሻ የመጡ ወባ ያንቀጠቀጣቸው ሠራተኞች ግድግዳ ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ።

«ለእነሱ ስል ውሸትህን እቀበላለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን በአገራችን ወንፈል ለቀረ ሰው ቤቱ ድረስ መልእክተኛ ይላካል እንጂ ዝም አይባልም። ለፋብሪካው ሰዎች ጻፍላቸው።»

ጻፍኩ። ለገዳሪፍ ሰው ማን ይመልሳል ብዬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። በየሳምንቱ «መጡ?» ይሉኛል፤ «ገና» እላለሁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

በሦስተኛው ወር ሙሉው ኮድ ከአንድ መስመር ይቅርታ ጋር መጣ። ውሸቴን ፍቄ ድራይቨሩን እንደ ደንቡ ሠራሁት። እሳቸው የአንዲት እናት ደም የተቀባበትን መስታወት አስገብተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ወባዋ ይችውና» አሉ። እንባዬ መጣ።

ምርቃት ስጠብቅ ወደ እኔ ዞሩ። «ሀዋታ ክሊኒክም እንደዚችው ያለች ካሜራ ቆማባቸዋለች። ድራይቨሩን ከነኮዱ ውሰድላቸው። ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው።»